በፒኤችፒ የፋይልና የፎልደር ለውጥ መከታተል፦ መብራት በሚጠፋበት ቢሮም የማይስት አሠራር

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ የትራንዚተር ቢሮ እናስብ። በጅቡቲ በኩል የሚገባው ዕቃ ዲክላራሲዮን፣ ኢንቮይስና የጭነት ሰነድ ስካን እየተደረገ በኔትወርክ ወደተጋራ ፎልደር ይገባል። የሐረሩ ቅርንጫፍ ደግሞ የቀኑን ሰነድ ማታ በአርሲንክ (ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን በሚገለብጥ ፕሮግራም) ይልካል። ከፒኤችፒው የሚጠበቀው አዲስ ፋይል ሲመጣ መመዝገብ፣ የተቀየረውን ማስተካከልና የጠፋውን ማሳወቅ ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከኢኖቲፋይ ነው፤ ኢኖቲፋይ ከ2005 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ፣ ፎልደር ውስጥ አንድ ነገር ሲነካ ወዲያው የሚናገር አሠራር ነው። ችግሩ ፕሮግራሙ ቆሞ ሳለ የተደረገውን አይናገርም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስካነሩ ወይም የሐረሩ ቅርንጫፍ ከፕሮግራማችሁ ቀድሞ ፋይል ካስገባ ያ ፋይል ለዘላለም ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሌላው ጫፍ ይጀምራል፦ ሱቅ ዕቃውን በቆጠራ እንደሚያረጋግጠው መጀመሪያ መዝገብና ቆጠራ ይሠራል፣ ኢኖቲፋይ ደግሞ «አሁን ቁጠር» የሚል ደወል ብቻ ሆኖ በላዩ ይጨመራል። ደወሉ ቢሳሳት ወይም ቢዘገይ ቆጠራው ያርመዋል።

የሚያስፈልገው ኡቡንቱ ሰርቨር፣ ፒኤችፒ 8.1 ወይም ከዚያ በላይ፣ የኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) ኤክስቴንሽን ነው። የተግባራቱን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናል፤ የግርጌ ሰረዙ ኮዱ ውስጥ ባለበት ቦታ ነው።

1. መዝገቡን አዘጋጁ

ኤስኪውላይት ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል። ዓምዶቹ፦ የፋይሉ ፓዝ (ዋና ቁልፍ)፣ መጠን በባይት፣ የተቀየረበት ጊዜ፣ ሀሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ)፣ ሁኔታ («ያልረጋ»፣ «ዝግጁ»፣ «ተመዝግቧል»፣ «ችግር አለበት»፣ «ጠፍቷል»)፣ እና ፋይሉ መጨረሻ የታየበት የቆጠራ ቁጥር። የመጨረሻው ዓምድ ለጠፉ ፋይሎች ነው። እያንዳንዱ ሙሉ ቆጠራ ከቀዳሚው በአንድ የሚበልጥ ቁጥር ይይዛል፤ ቆጠራው ሲያልቅ የድሮ ቁጥር ይዞ የቀረ ረድፍ ካለ ፋይሉ ዲስኩ ላይ የለም ማለት ነው።

መዝገቡን በጄሰን ፋይል መያዝ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክረውም። እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ግማሹ ይቀራል፣ ግማሽ ጄሰን ደግሞ አይነበብም። ኤስኪውላይት በትራንዛክሽን ስለሚሠራ ወይ ሙሉው ይገባል ወይ ምንም አይገባም። አንድ ቆጠራ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ዲስኩን ለብቻው ስለሚያስጠብቅ ቆጠራው ይንቀራፈፋል።

የመዝገቡም ሆነ የሎጉ ፋይል ከሚጠበቀው ፎልደር ውጭ ይቀመጥ። ውስጡ ካስቀመጣችሁት ፕሮግራሙ የጻፈው እሱኑ ይቀሰቅሰዋል፣ ሲቀሰቀስ ይጽፋል፣ ሲጽፍ ይቀሰቀሳል፤ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሲሮጥ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

2. ቆጠራውን ጻፉ

ፎልደሮቹን ለመዞር ሪከርሲቭ-ዳይሬክተሪ-ኢተሬተርን በሪከርሲቭ-ኢተሬተር-ኢተሬተር ጠቅልሉት። የነጥብና የሁለት ነጥብ ግቤቶችን የሚዘልለውን ስኪፕ_ዶትስ አትርሱ። መዘለል ያለባቸውን (የዎርድ ጊዜያዊ ፋይሎች፣ የዊንዶውስ የምስል ካሽ፣ በነጥብ የሚጀምሩ ስሞች) በሪከርሲቭ-ኮልባክ-ፊልተር-ኢተሬተር አስቀሩ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፦ ማጣሪያውን ፎርኢች ውስጥ በኢፍ ከጻፋችሁት ፋይሉ ይዘለላል እንጂ ፎልደሩ አይዘለልም፤ ፕሮግራሙ የማትፈልጉት ፎልደር ውስጥ እስከ ታች ድረስ ገብቶ ይወጣል። ማጣሪያው ከኢተሬተሩ በፊት ሲሆን ግን ጭራሽ አይገባም።

ከእያንዳንዱ ቆጠራ በፊት ክሊርስታትካሽ የተባለውን ተግባር ጥሩ። ፒኤችፒ የመጨረሻውን ፋይል መረጃ በማስታወሻው ይይዛል፤ ለድረ ገጽ ጥያቄ ይህ አይጎዳም፣ ቀኑን ሙሉ በሚሮጥ ስክሪፕት ላይ ግን ፋይልኤምታይም የአሮጌውን ሰዓት ደጋግሞ እንዲመልስ ያደርገዋል።

የማንበብ ፈቃድ የሌለው ፎልደር ሲገጥም ኢተሬተሩ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ይህን ዝም የሚያሰኘው ካች_ጌት_ቻይልድ የሚባል ምርጫ አለ፤ አትጠቀሙበት። ዝም ሲል ፎልደሩ ባዶ ይመስላል፣ ባዶ ሲመስል ደግሞ በውስጡ የነበረው ሁሉ «ጠፍቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ኤክሴፕሽኑን ያዙ፣ ሎግ ላይ ጻፉ፣ በዚያ ዙር የጠፉ ፋይሎችን የመለየቱን ደረጃ ጭራሽ ዝለሉት።

የዚሁ የባሰ መልክ ውጫዊው ዲስክ ወይም የኔትወርክ ድራይቩ ሳይያያዝ ሲቀር የሚመጣው ነው። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሥቶ ዲስኩ ካልተነሣ ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ቆጠራውም ያለ አንዳች ኤረር የቢሮውን ሰነድ በሙሉ ጠፍቷል ይላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በዲስኩ ላይ «.አለሁ» የሚል ባዶ ፋይል አኑሩ፣ ቆጠራው መጀመሪያ እሱን ይፈልግ፣ ካጣው ምንም ሳይነካ ይውጣ።

ስለ ስሞች ሁለት ነገር። ኢኤክስቲ4 (ኡቡንቱ በተለምዶ የሚጠቀምበት የዲስክ አሠራር) ላይ የአንድ ፋይል ስም ቢበዛ 255 ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ የሚጻፍ ስም ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። ቅጥያውና ነጥቡም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። «የ... ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የጉምሩክ ሰነድ ቅጂ» እያሉ የሚሰይሙ ጸሐፊዎች ባሉበት ቢሮ ይህ ቁጥር ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ «ሰነድ» እና «ሠነድ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ተደጋጋሚ ሰነድን በስም ሳይሆን በሀሽ ለዩ።

ፎልደሮቹ በኢትዮጵያ ቀን (ዓመት፣ ወር፣ ቀን) ከተከፋፈሉ ቼክዴት የሚባለውን ተግባር ፎልደር ለማረጋገጥ አትጠቀሙ። እሱ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ስለሆነ ጳጉሜን ሐሰት ይላታል። ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30፣ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ እስከ 6 የሚል የራሳችሁ ሦስት መስመር ይሻላል።

3. ማነጻጸሪያው «ይበልጣል» ሳይሆን «ይለያል» ይሁን

በተለምዶ የሚጻፈው «የተቀየረበት ጊዜ ከባለፈው ቆጠራ በኋላ ከሆነ ተቀይሯል» የሚል ነው። በሁለት ምክንያት ይወድቃል።

አንደኛው አርሲንክ ነው። የፋይሉን ጊዜ እንዲጠብቅ ታዝዞ ሲላክ ከሐረር የመጣው ፋይል እዚያ የተሠራበትን ሰዓት ይዞ ይመጣል። ከቀትር በፊት የተሠራ ሰነድ ማታ ሲደርስ ጊዜው ካለፈው ቆጠራ ያነሰ ነው፤ አዲስ ሆኖ ሳለ አሮጌ ይባላል።

ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ያረጀ ሚኒ ፒሲ ባትሪው ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ሊመለስ ይችላል፣ ኢንተርኔት መጥቶ ሰዓቱ እስኪስተካከልም በዚያው ይቆያል። በዚያ መሐል የገባ ፋይል ሁሉ የድሮ ቀን ይይዛል። ባትሪውን መቀየር (ሲአር2032 የሚባለው ነው) ያስፈልጋል፤ ኮዱ ግን በባትሪ መታመን የለበትም።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ መጠኑ ወይም ጊዜው መዝገቡ ላይ ካለው ከተለየ፣ ወደ ፊትም ይሁን ወደ ኋላ፣ ፋይሉ ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪውን ብቻ በሀሽ_ፋይል አስሉ። ሀሹ ያው ከሆነ የተቀየረው ሰዓቱ እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ መዝገቡን አድሱና እለፉ። ለዚህ ሥራ ከፒኤችፒ 8.1 ጀምሮ ያለው ኤክስኤክስኤች128 ይበቃል፣ ከሻ-256ም በጣም ይፈጥናል። ሻ-256ን በ8ኛው ደረጃ ለሚመጣው የኮድ ፎልደር አቆዩት፤ እዚያ ሆን ብሎ የሚያታልል ሰው ሊኖር ይችላል።

አንድ ስውር ቀዳዳ ይቀራል። ፋይልኤምታይም የሚመልሰው በሙሉ ሰከንድ ነው። ፋይሉ ከተቆጠረ በኋላ በዚያው ሰከንድ ውስጥ መጠኑ ሳይለወጥ ይዘቱ ቢቀየር ማነጻጸሪያው አያየውም። መፍትሔው፦ ሲቆጠር ጊዜው ከአሁኑ ሰዓት በ2 ሰከንድ ውስጥ የሆነን ፋይል ሁሉ «ያልረጋ» በሉትና በሚቀጥለው ዙር ዳግም እዩት።

አዲስ የታየ ፋይል ሀሹ ከጠፋ ፋይል ሀሽ ጋር ከገጠመ ስሙ ወይም ቦታው ተቀይሯል እንጂ አዲስ ሰነድ አልመጣም። ይህን ሳታዩ ከመዘገባችሁ አንድ ዲክላራሲዮን ሁለት ጊዜ ይገባል።

4. ግማሽ ፋይል አታንሱ

ስካነሩ ሃምሳ ገጽ እየጻፈ ሳለ ፋይሉ ስም አለው፣ መጠን አለው፣ ግን አላለቀም። ሦስት ማጣሪያ በቅደም ተከተል አድርጉ። መጠኑ ዜሮ ከሆነ ጠብቁ፤ መብራት የጠፋበት ፋይል ብዙ ጊዜ ዜሮ ባይት ሆኖ ይገኛልና ከአንድ ሰዓት በኋላም ዜሮ ከሆነ ሁኔታውን «ችግር አለበት» አድርጉና ለሰው ይነገር። ቀጥሎ መጠንና ጊዜው በ5 ሰከንድ ልዩነት በተደረጉ ሁለት ቆጠራዎች ያው ይሁኑ። ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 1024 ባይት አንብቡና «%%ኢኦኤፍ» (%%EOF) የሚለውን የመዝጊያ ምልክት ፈልጉ፤ ከሌለ ፋይሉ ተቆርጧል።

የሚልከውን ፕሮግራም እናንተው የምትጽፉት ከሆነ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ጽፋችሁ ሲያልቅ በሪኔም ስሙን ቀይሩ። በአንድ ዲስክ ላይ ስም መቀየር በመሐል የሚቆረጥ ነገር የለውም። አርሲንክም የሚሠራው እንዲሁ ነው፦ በነጥብ በሚጀምር ስም ይጽፍና መጨረሻ ላይ ይሰይመዋል፤ በነጥብ የሚጀምሩትን ዝለሉ ያልነው ለዚህም ነው።

5. ኢኖቲፋይን ጨምሩ

እስካሁን ያለው ብቻውን ይሠራል፤ የ10 ደቂቃ መዘግየት የማይጎዳው ቢሮ እዚህ ላይ ቢያቆም አንከራከርም። ስካን እንደተደረገ ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ ይቀጥላል።

የኢኖቲፋይን ኤክስቴንሽን በፔክል (የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን መጫኛ) ጫኑ፤ ለዚህ የፒኤችፒ የዴቨሎፐር ፓኬጅና ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ላይ የትዕዛዝ መስመሩ ፒኤችፒና ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኤፍፒኤም የተለያየ የማስተካከያ ፋይል አላቸው። ጠባቂው የሚሮጠው በትዕዛዝ መስመር ስለሆነ ኤክስቴንሽኑ የሚበራው እዚያ ነው። ፒኤችፒኢንፎ በብራውዘር ከፍቶ «አለ» ወይም «የለም» ማለት እዚህ አያገለግልም።

ኢኖቲፋይ_ኢኒት ስትሪም ይመልሳል። ኢኖቲፋይ_አድ_ዋች ለእያንዳንዱ ፎልደር ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን ከፓዙ ጋር በአሬይ ያዙ፣ ምክንያቱም ማሳወቂያው የሚነግራችሁ ቁጥሩንና የፋይሉን ስም እንጂ ሙሉ ፓዙን አይደለም። የምትጠይቁት፦ ኢን_ክሎዝ_ራይት፣ ኢን_ሙቭድ_ቱ፣ ኢን_ሙቭድ_ፍሮም፣ ኢን_ክሪኤት፣ ኢን_ዲሊት። ኢን_ሞዲፋይን ተዉት፤ አንድ ትልቅ ስካን እየተጻፈ ሳለ ብዙ ጊዜ ይጮኻል፣ የሚጠቅመው ግን ሲዘጋ የሚመጣው ኢን_ክሎዝ_ራይት ነው።

ፋይሉን ሳይሆን ፎልደሩን ጠብቁ። ብዙ ኤዲተሮች ሲያስቀምጡ አዲስ ፋይል ጽፈው በአሮጌው ስም ይተኩታል። ፋይሉን ይዛችሁ ከነበረ የያዛችሁት የተጣለውን ነው፣ አዲሱን ማንም አይጠብቀውም።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ኢኖቲፋይ ወደ ታች አይወርድም፤ ንዑስ ፎልደር ሁሉ ለብቻው መጨመር አለበት። አዲስ ፎልደር ሲፈጠር ኢን_ክሪኤት ከኢን_ኢዝዲር ጋር ይመጣል፣ እናንተም ትጨምሩታላችሁ፤ ነገር ግን በተፈጠረበትና በጨመራችሁበት መካከል ፋይል ሊገባበት ይችላል። መስከረም 1 ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ሰነድ ሲመጣ የዓመቱ፣ የወሩና የቀኑ ፎልደር በአንድ ትዕዛዝ ይፈጠራሉ፣ ፋይሉም ወዲያው ይገባል። ከላይ ያለው ጠባቂ የሚሰማው የዓመቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ሁልጊዜ፦ መጀመሪያ ጨምሩ፣ ከዚያ ውስጡን ቁጠሩ፣ ንዑስ ፎልደር ካለም እንዲሁ አድርጉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት (ቆጥሮ መጨመር) ቀዳዳው ይመለሳል።

ገደቦቹን እወቁ። ማሳወቂያ በወረፋ ይጠራቀማል፣ የተለመደው ልክ 16384 ነው። ሲሞላ የተረፈው ይጣልና ኢን_ኪው_ኦቨርፍሎው የሚል አንድ ምልክት ይመጣል፤ መልሱ ሙሉ ቆጠራ ነው። አንድ ተጠቃሚ የሚጠብቃቸው ፎልደሮች ብዛት በቆየው ከርነል 8192 ሲሆን፣ ከ5.11 ወዲህ እንደ ማሽኑ ሜሞሪ ይሰላል። በኢትዮጵያ ቀን የተከፋፈለ አንድ ዓመት 365 የቀን፣ 13 የወርና 1 የዓመት ፎልደር፣ በድምሩ 379 ነው፤ ሃያ ዓመት ቢከማች እንኳ 7580 ገደማ ስለሆነ አያልፍም። ኮድ ኤዲተር በዚያው ተጠቃሚ ስም ከተከፈተ ግን እሱም ከዚሁ ኮታ ይወስዳል። ገደቡ ሲያልቅ ከርነሉ የሚመልሰው «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» የሚለውን የስህተት ኮድ ነው፤ ዲስክ ለማጽዳት አትሩጡ፣ ማክስ_ዩዘር_ዋችስን ከፍ አድርጉ።

ሌላ ማሽን በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የፎልደር ማጋሪያ) ያጋራውን ፎልደር ከዚህ ማሽን ብትጠብቁ ሌሎች የሚያደርጉትን ለውጥ አትሰሙም። ጠባቂው ዲስኩ ባለበት ማሽን ላይ ይሩጥ። በሳምባ (ለዊንዶውስ ማሽኖች ፎልደር በሚያጋራው ፕሮግራም) የተጋራ ፎልደር ሳምባው ራሱ በሚሮጥበት ሰርቨር ላይ ሲጠበቅ ግን ችግር የለውም፤ የሚጽፈው ያው ሰርቨር ነውና።

6. ሉፑ

ሲነሣ፦ ሁሉንም ፎልደር ጨምር፣ ከዚያ ሙሉ ቆጠራ አድርግ
ሁልጊዜ፦
— ስትሪም_ሰሌክት፣ ቢበዛ 2 ሰከንድ ጠብቅ
— ማሳወቂያ ካለ፣ ፎልደሩን «የሚቆጠር» ብለህ ያዝ
— 2 ሰከንድ ጸጥታ ካለፈ፣ የተያዙትን ፎልደሮች ብቻ ቁጠር
— «ያልረጋ» ካለ፣ በየ5 ሰከንዱ እሱን ብቻ እይ
— ከመጨረሻው ሙሉ ቆጠራ 10 ደቂቃ ካለፈ ወይም ወረፋው ከሞላ፣ ሙሉ ቆጠራ

ሰከንዶቹንና ደቂቃዎቹን በታይም ሳይሆን በኤችአርታይም ለኩ። የሰርቨሩ ሰዓት ኢንተርኔት ሲመጣ በአንዴ ሲዘል በታይም የተለካ 10 ደቂቃ ወይ ወዲያው ያልቃል ወይ ዓመት ይፈጃል።

ፒዲኤፉን ለማንበብ የሼል ትዕዛዝ የምትጠሩ ከሆነ አማርኛ ስም ላይ ትደናቀፋላችሁ። ስሙን ለሼል የሚያዘጋጀው ኤስኬፕሼልአርግ ሎካሉ (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) «ሲ» ሲሆን የግእዝ ፊደላቱን ከስሙ ያወጣቸዋል፤ ትዕዛዙም የሌለ ፋይል ይፈልጋል። ስክሪፕቱ ራስ ላይ በሴትሎካል ኤልሲ_ሲታይፕን «ሲ.ዩቲኤፍ-8» አድርጉት።

7. እንደ ሰርቪስ አስነሡት

በሲስተምዲ (የሊኑክስ የሰርቪስ አስተዳዳሪ) ይሁን፤ ሪስታርት «ኦልዌይስ»፣ ሪስታርትሴክ 5። የሚሮጥበት ተጠቃሚ የድረ ገጹ ተጠቃሚ አይሁን፣ ፎልደሩን የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኑረው። ሲስተምዲ ሲያቆመው ሲግተርም (የማቆሚያ ምልክት) ይልካል፤ በፒሲኤንቲኤል ኤክስቴንሽን ተቀበሉትና የያዛችሁትን ፋይል ጨርሳችሁ ውጡ። በነባሪው 90 ሰከንድ ጠብቆ ካልወጣችሁ በግድ ይገድለዋል። አዲስ ኮድ ስትጭኑ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉ፤ የሚሮጠው ሂደት አሮጌውን ኮድ በሜሞሪ ይዞ ነው የሚቀጥለው።

ዋናው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ጠዋት የሚመጣው የመጀመሪያ ሰነድ ይወድቅባችኋል። ማይኤስኪውኤል ሥራ የፈታን ግንኙነት በነባሪው ከ28800 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ቢሮው ማታ 12 ሰዓት ተዘግቶ ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት 14 ሰዓት አልፏል። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ግንኙነቱን ፈትሹ፣ ከሞተ እንደገና ክፈቱ። ሎጉ ላይ ደግሞ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር በአዲስ አበባ የሰዓት ቀጠና ጻፉ፤ «2፡00» ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ጠዋት ይሁን ሌሊት የሚጨቃጨቅ አይጠፋም።

ተራ ሆስቲንግ ብቻ ካላችሁ ሰርቪስም ኢኖቲፋይም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ቆጠራውን በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሣው) በየደቂቃው አስሩጡ፣ መጀመሪያ በኤፍሎክ ሎክ_ኤክስ እና ሎክ_ኤንቢ ቁልፍ ይያዝ፣ ካልተገኘ ይውጣ። ያለዚህ አንዱ ቆጠራ ሳያልቅ ሌላው ይነሣና ሁለቱ አንድን ሰነድ ይሻሙበታል።

8. የኮዱን ፎልደርም ቁጠሩ

ያው ቆጠራ የድረ ገጹን ኮድ ለመጠበቅ ያገለግላል፣ ሕጉ ግን ጠበቅ ይላል። እዚህ በመጠንና በጊዜ አትመኑ፤ ሰርጎ የገባ ሰው በተች ትዕዛዝ የፋይሉን ጊዜ ወደ ድሮው መመለስ ይችላል። ሁሉንም ፋይል በየቀኑ በሻ-256 አስሉ። መነሻ መዝገቡ ኮድ በተጫነ ቁጥር ይታደስ፣ የድረ ገጹ ተጠቃሚ ሊጽፍበት በማይችለው ቦታ ይቀመጥ፤ ሊጽፍበት ከቻለ ሌባው መዝገቡንም ያስተካክለዋል። ሰው ፋይል የሚጭንበት ፎልደር ውስጥ በፒኤችፒ ቅጥያ የሚያልቅ ፋይል ከታየ ሀሽ ሳይጠበቅ ማስጠንቀቂያ ይሂድ። ማስጠንቀቂያው በቴሌግራም ቦት ከሆነ መጀመሪያ መዝገቡ ውስጥ ይጻፍና መላኩ ሲሳካ ብቻ «ተልኳል» ይባል፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት እንዳይጠፋ።

9. ሞክሩት

ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። ሁለት ደረጃ ጥልቀት ያለው አዲስ ፎልደር በአንድ ትዕዛዝ ፍጠሩና ወዲያው ፋይል አስገቡ። የፋይልን ይዘት ቀይሩና ጊዜውን በተች ወደ ዓምና መልሱ። ሰርቪሱን አቁሙ፣ አንድ ፋይል አስገቡ፣ አንድ አጥፉ፣ አንድ ስሙን ቀይሩ፣ አስነሡት፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ቆጠራ መውጣት አለባቸው። ዲስኩን ነቅላችሁ አንድም ፋይል «ጠፍቷል» እንዳልተባለ እዩ። በአማርኛ የተሰየመ ፒዲኤፍ በእጅ ሳይሆን በሰርቪሱ በኩል አሳልፉ። በመጨረሻም ትልቅ ፋይል በኔትወርክ እየተገለበጠ ሳለ የሰርቨሩን ገመድ ንቀሉ (የሙከራ ማሽን ላይ)፤ ሲነሣ ያ ፋይል «ያልረጋ» ወይም «ችግር አለበት» ሆኖ መገኘት አለበት፣ «ተመዝግቧል» ሆኖ ካገኛችሁት ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱ።